የናፍጣ መኪና የጭስ ፊልትሮ (ዲፒኤፍ) እየተነዳ እንዴት ራሱን ያጸዳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ጀርመን አገር፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። የሚደውሉልኝ ሐበሾች ብዙዎቹ የሚጀምሩት በዚህ ነው፦ «አንድ ቢጫ መብራት በርቶብኛል፤ መኪናው ግን ምንም አልሆነም።» ሁለተኛው ስልክ ከሳምንታት በኋላ ይመጣል። ያኔ መኪናው ጉልበት አጥቷል፣ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ የተጠየቁት ዋጋም የመኪናውን ግማሽ ሊያክል ምንም አልቀረው። በሁለቱ ስልኮች መካከል ያለፈው ጊዜ ያንገበግበኛል። ብዙውን ጊዜ ሃያ ደቂቃ በፈጣን መንገድ መንዳት ነገሩን ይጨርሰው ነበርና።

ከዚህ በታች ያለው ደጋግሜ የምጠየቀውና ደጋግሜ የምመልሰው ነው። የጠቀስኳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዲፒኤፍ የሚባለው ምንድን ነው?

ከቱርቦው (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ክፍል) በኋላ፣ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ የተቀመጠ የሴራሚክ ፊልትሮ ነው። ከውጭ ሲያዩት ወፍራም ማርሚታ ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ ነው፤ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ተደርድረውበታል። ብልሃቱ ያለው በቀዳዳዎቹ ጫፍ ላይ ነው። አንዱ ከፊት ክፍት ሆኖ ከኋላ ተደፍኗል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከፊት ተደፍኖ ከኋላ ክፍት ነው። ጭሱ በገባበት ቀዳዳ መውጣት ስለማይችል ግድግዳውን ሰርጎ ወደ ጎረቤቱ ለመሻገር ይገደዳል። ግድግዳው ጋዙን ያሳልፋል፤ ጥቀርሻውን ያስቀራል። ያልተሰነጠቀ ፊልትሮ ከጥቀርሻው ከ 95 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይይዛል። ለዚህ ነው የአዲስ ናፍጣ መኪና የማውጫ ጫፍ በጣት ሲነካ እንደ ድሮው የማያጠቁረው።

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። መርሴዲስ ቤንዝ በ 1985 ለካሊፎርኒያ በሸጣቸው የናፍጣ መኪኖች ላይ የጥቀርሻ ወጥመድ ገጥሞ ነበር። የተቀመጠው ከቱርቦው በፊት ስለነበር ሴራሚኩ ሲሰባበር ፍርፋሪው ቱርቦውን ይጎዳ ነበርና አልዘለቀም። ራሱን በደንብ የሚያጸዳ ፊልትሮ በብዛት በሚመረት የቤት መኪና ላይ የመጣው በ 2000 በፔዦ 607 ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ «ዩሮ 5» የሚባለው ሕግ ከ 2009 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከ 2011 ጀምሮ በሁሉም አዲስ መኪኖች ላይ ሥራ ላይ ሲውል፣ ቀድሞ በኪሎ ሜትር 0.025 ግራም የነበረው የጥቀርሻ ጣሪያ ወደ 0.005 ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያለ ፊልትሮ ሕጉን ማለፍ አይቻልም ማለት ይቻላል።

ጥቀርሻና አመድ ሲባል ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለቱም ቆሻሻ አይደሉም?

በእንጨት በሚበሰልበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ጥቀርሻ በደንብ ያልነደደ ካርቦን ነው፤ በቂ እሳት ካገኘ ይነዳል። ምድጃው ውስጥ የሚቀረው አመድ ግን ነድዶ ያለቀ ነው። ቢቆሰቁሱት፣ ቢያራግቡት አይነድም፤ ተዝቆ ነው የሚወጣው።

ፊልትሮው ውስጥም እንዲሁ ነው። ጥቀርሻው የሚመጣው ከናፍጣው ነው፤ በየጊዜው ይጠራቀማል፣ በየጊዜው ይቃጠላል። አመዱ የሚመጣው በአብዛኛው ከሞተር ዘይቱ ነው። ዘይቱ ውስጥ ያሉት እንደ ካልሲየም፣ ዚንክና ፎስፎረስ ያሉ ማዕድናት ዘይቱ በትንሽ በትንሹ ሲቃጠል አመድ ሆነው ይቀራሉ። ይህን ምንም ዓይነት ሩጫ አያወጣውም። እያደር የፊልትሮውን ቀዳዳዎች ከኋላ በኩል እየሞላ ለጥቀርሻው የሚሆነውን ቦታ ያጠባል።

«ፊልትሮው ራሱን ያጸዳል» ሲባል እንግዲህ ጥቀርሻውን ያቃጥላል ማለት ነው። አመዱን ለማውጣት ፊልትሮው መፈታት አለበት፤ ያ የሚመጣው ግን ብዙ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትሮች ከተነዳ በኋላ ነው። ሰው በሁለት ዓመት «ፊልትሮዬ ሞላ» ሲለኝ የማስበው ስለ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻ ከሆነ ደግሞ ገና ተስፋ አለው።

ታዲያ እየተነዳ ራሱን የሚያጸዳው እንዴት ነው?

በሁለት መንገድ። አንደኛው ዝም ብሎ፣ ማንም ሳያዘው የሚሆን ነው። ሁለተኛው የሞተሩ ኮምፒውተር የሚያዘው ነው።

የመጀመሪያው በረጅም መንገድ ላይ የሚሆነው ነው። ከፊልትሮው ፊት ፕላቲኒየም የተቀባ ካታላይዘር፣ ማለትም የጭሱን ጋዞች በኬሚካል የሚለውጥ ክፍል አለ። ጭሱ በዚያ ሲያልፍ ውስጡ ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ይህ ጋዝ ጥቀርሻን በዝቅተኛ ሙቀት የማቃጠል ጠባይ አለው፤ ከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ሥራውን ይጀምራል። ተራ ኦክሲጅን ግን ያለ እርዳታ ጥቀርሻን ለማቃጠል ወደ 600 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። አውቶባን (የጀርመን ፈጣን መንገድ) ላይ ጭነት ይዞ የሚሄድ መኪና ጭሱ ለመጀመሪያው መንገድ የሚበቃ ሙቀት ስላለው ጥቀርሻው እየመጣ እየነደደ ይሄዳል። ከፍራንክፈርት ሙኒክ የሚመላለስ ሰው ዲፒኤፍ የሚባል ነገር እንዳለው ሳያውቅ መኪናውን ሊሸጥ ይችላል።

ከተማ ውስጥ ግን ጭሱ እዚያ ሙቀት ላይ አይደርስም። ጥቀርሻው ይከማቻል። ኮምፒውተሩ መጠኑን የሚገምተው ከፊልትሮው ፊትና ኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት በሴንሰር እየለካ፣ እንዲሁም የተነዳበትን ርቀትና ሁኔታ እያሰላ ነው። መጠኑ የተወሰነለት ልክ ላይ ሲደርስና ሞተሩ ሲሞቅ ማቃጠሉን ራሱ ይጀምራል። መካኒኮች «ሪጄኔሬሽን»፣ በአጭሩ «ሪጄን» የምንለው ይህ ነው።

እሳቱ ከየት ይመጣል? ከናፍጣው። ኢንጀክተሩ በተለመደው ሰዓት ከረጨ በኋላ፣ ፒስተኑ ኃይሉን ሰጥቶ ወደ ታች ሲወርድ ጥቂት ናፍጣ እንደገና ይረጫል። ይህ ናፍጣ ሲሊንደሩ ውስጥ ነድዶ አያልቅም፤ ከጭሱ ጋር ወጥቶ ካታላይዘሩ ላይ ይነዳል። በዚህ ሙቀት ወደ ፊልትሮው የሚገባው ጭስ ከ 550 እስከ 650 ዲግሪ ይደርሳል፤ ጥቀርሻውም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ በጋዝ መልክ ይወጣል። ፔዦ በመጀመሪያው ሥራው ሴሪየም ያለበት ፈሳሽ ከናፍጣው ጋር እያቀላቀለ ጥቀርሻው የሚነድበትን ሙቀት ወደ 450 ዲግሪ አካባቢ አውርዶት ነበር። አንዳንድ ሞተሮች፣ ለምሳሌ የቶዮታ ሃይሉክሱ 2.8 ሊትር፣ ለዚሁ ሥራ በጭስ መስመሩ ላይ ለብቻው የተገጠመ ኢንጀክተር አላቸው።

ሥራው ሳይቋረጥ ከ 10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደሚመጣ እንደ መኪናውና እንደ አነዳዱ ይለያያል፤ በጥቅሉ በየጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሩ ነው። በየ 100 ኪሎ ሜትሩ የሚመጣ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷልና ይታይ።

እየጸዳ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ብዙ መኪኖች አይናገሩም፤ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው። ምልክቶች ግን አሉት። ቆመው ሳለ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረግጡ ሞተሩ የሚዞረው ዙር) ከወትሮው ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ 1,000 ዙር ይጠጋል። መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተሩን የሚያጠፋው ሲስተም አልሠራም ይላል። የወቅቱን የነዳጅ ፍጆታ የሚያሳይ መኪና ካለዎት ቁጥሩ ያለ ምክንያት ያሻቅባል። የጭሱ ድምፅ ወፈር ይላል። መስኮት ከከፈቱ የጋለ ብረት ሽታ ይመጣል። መኪናውን ሲያጠፉ ደግሞ የራዲያተሩ ማራገቢያ በብርድ ቀን ሳይቀር እየጮኸ ይቀጥላል።

ይህ የመጨረሻው ምልክት ከሁሉም ጎልቶ ይሰማል። ቤትዎ ደጃፍ አቁመው ማራገቢያው ሲጮህ ከሰሙ፣ መኪናው «ገና አልጨረስኩም» እያለዎት ነው።

ሪጄን መሃል ላይ ሞተሩን ባጠፋስ?

አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም። ኮምፒውተሩ ሌላ ጊዜ እንደገና ይሞክራል። አደጋው ያለው መደጋገሙ ላይ ነው። ጉዳቱም በሁለት በኩል ይመጣል።

አንደኛው ዘይቱ ነው። ዘግይቶ ከሚረጨው ናፍጣ ጥቂቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ተከትሎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሪጄኑ በሰላም ካለቀና መኪናው ከተነዳ ከፊሉ ይተናል። በየቀኑ ተጀምሮ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ናፍጣው እየተጠራቀመ ዘይቱን ያቀጥነዋል። የዘይት መለኪያውን ስበው ሲያዩ ዘይቱ ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ ካገኙት፣ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ከላይኛው ምልክት ካለፈ መኪናውን ሳይነዱ ዘይቱን ያስቀይሩ። ቀጭን ዘይት የቱርቦንና የሞተርን ብረት ይበላል።

አንድ ዕቃ አመላላሽ ወንድማችን መኪናውን ሲያመጣልኝ ዘይቱ ከምልክቱ በላይ በሁለት ጣት አልፎ ነበር። ሥራው በር ለበር ነው፤ ሁለት መቶ ሜትር ይነዳል፣ ያጠፋል፣ ዕቃ ያደርሳል፣ ያስነሳል። መኪናው በቀን ውስጥ ደጋግሞ ሊጸዳ ሞክሮ አንድም ጊዜ አልጨረሰም። ሰውየው ጎበዝ ነጂ ነው፤ ዘይቱን በሰዓቱ ይቀይራል፣ መኪናውን እንደ ልጁ ያጥባል። ስለዚህ ነገር የነገረው ሰው ግን አልነበረም። እኔ ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በራሱ በፊልትሮው ላይ የሚደርስ ነው። በጥቀርሻ ከልክ በላይ የታጨቀ ፊልትሮ እየነደደ ሳለ ከፍጥነት ወርደው መኪናውን በሚኒሞ ቢያቆሙት፣ ሙቀቱን ጠርጎ ይወስድ የነበረው የጭስ ፍሰት ይቀንሳል፤ ወደ ፊልትሮው የሚደርሰው ኦክሲጅን ግን ይበዛል። ከሰል ሲራገብ እንደሚሆነው ነው፤ እሳቱ ይፋፋማል። ሙቀቱ ከ 1,000 ዲግሪ ሊያልፍ፣ ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ወይም ሊቀልጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ የተጨናገፈ ሪጄን የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው፤ በመጨረሻ ሲነድ የሚነደው ብዙ ነው።

የምነዳው ከተማ ውስጥ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከ 20 እስከ 30 ደቂቃ ሳይቆሙ በፈጣን መንገድ ይንዱ። ማብረር አያስፈልግም። ከ 80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ሞተሩ ከ 2,000 ዙር በላይ እንዲዞር ማርሹን አንድ ዝቅ አድርገው መሄድ ይበቃል። የነዳጅ ጋኑ ሩብ ያህል ይኑረው። ብዙ መኪኖች ነዳጁ ሪዘርቭ ላይ ከሆነ ሪጄን አይጀምሩም፤ በአምስት ዩሮ በአምስት ዩሮ የሚቀዱ ሰዎች ይህን አያውቁትም።

ከዚያ ውጪ ምልክቶቹን ልብ ይበሉ። ሱፐርማርኬት ደርሰው ሪጄን ላይ መሆኑን ካወቁ አሥር ደቂቃ ዞር ዞር ብለው ይመለሱ። የቀን ውሎዎ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስና ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ሥራ መግባት ብቻ ከሆነ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ የናፍጣ መኪና ለእርስዎ አይሆንም። ቢሸጡትና ሌላ ቢገዙ ይሻላል። ይህን ለደንበኛ መንገር ይከብዳል፤ ፊልትሮ ሦስት ጊዜ ከማስቀየር ግን ይቀላል።

ቆሜ ነዳጅ ብረግጥ ወይም ጠዋት ጠዋት ለረጅም ጊዜ ባሞቀው አይጸዳም?

አይጸዳም። እንዲያውም ይሞላል። ጭነት የሌለው ሞተር የቱንም ያህል ቢጮህ ጭሱ በቂ ሙቀት አያገኝም። የቀዘቀዘ ሞተር ደግሞ ከሁሉም በላይ ጥቀርሻ ያወጣል።

ቢጫው የፊልትሮ መብራት በራ። አሁን ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ የትኛው መብራት እንደሆነ መመሪያ መጽሐፉን ይመልከቱ። የፊልትሮው ምልክት ብዙውን ጊዜ ውስጡ ነጠብጣብ ያለበት ማርሚታ መሰል ሥዕል ነው። እሱ ብቻ በርቶ ሳይርገበገብ ከቆመ መልእክቱ «ልጸዳ ፈልጌ ዕድል አጣሁ፤ ዕድሉን ስጠኝ» ነው። በዚያው ቀን፣ ካልተቻለ በማግስቱ፣ ከላይ እንደነገርኩዎ መንገድ ይውጡ። ከ 15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ መብራቱ ራሱ ይጠፋል።

መብራቱ መርገብገብ ከጀመረ፣ የሞተሩ ቼክ ኢንጅን አብሮ ከበራ፣ ወይም መኪናው ጉልበት አጥቶ ዳገት እምቢ ካለ ግን የመንገዱ መድኃኒት አልፎበታል። በዚህ ሁኔታ በኃይል አይንዱት። ጋራዥ ውስጥ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሪጄን አለ፤ ነገር ግን ጥቀርሻው በጣም ከበዛ ኮምፒውተሩ ራሱ ይከለክላል፤ ያኔ ፊልትሮው ተፈትቶ ይጸዳል ወይም ይቀየራል። ቢጫው ከበራበት ቀን እስከዚህ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ለከተማ ነጂ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሪጄን ላይ ያለ መኪና ሆዱ እጅግ ይግላል። ደረቅ ሣር፣ ገለባ ወይም የደረቀ ቅጠል ላይ አያቁሙት። በዚህ እሳት ይነሣል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የነጂው ነው?

አይደለም፤ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው «አነዳድህ ነው» ተብሎ ከጋራዥ ሲመለስ ሳይ ያናድደኛል።

ፊልትሮ ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ሌላ ነገር ተበላሽቶ ነው። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ የተጣበቀ ኢጂአር ቫልቭ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው)፣ ዘይት የሚያስገባ ቱርቦ፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፤ እነዚህ ሁሉ ሞተሩ ከልኩ በላይ ጥቀርሻ እንዲያወጣ ያደርጋሉ። የግፊት ሴንሰሩ ወይም ወደ እሱ የሚሄዱት ቀጫጭን ጎማዎች ከተበላሹ ደግሞ ኮምፒውተሩ ባዶውን ፊልትሮ ሙሉ፣ ሙሉውን ባዶ አድርጎ ያነብባል። የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ክፍት ሆኖ ከቀረ ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ሪጄኑ ላይጀመር ይችላል፤ ዋጋው ትንሽ የሆነ ዕቃ ብዙ ሺህ ዩሮ ያወጣውን ይገድላል። ስለዚህ «ፊልትሮ ይቀየር» ሲባሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ለምን ሞላ?» መልስ ከሌላቸው አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

አምራቹ ራሱ የተሳሳተበት ጊዜም አለ። በአውስትራሊያ ከ 2015 እስከ 2020 የተሸጡ ከ 260 ሺህ በላይ የናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪኖችን በሚመለከት በቀረበ ክስ፣ የአገሪቱ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ 2022 የፊልትሮ ሥርዓቱ ጉድለት እንዳለበት ወስኗል። ስለ ካሳው የነበረው ክርክር ከዚያ በኋላ በይግባኝ ታይቷል። የሚገርመው ችግሩ የሚብሰው ከተማ ውስጥ ሳይሆን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሳያቋርጡ ለሚነዱ ሰዎች መሆኑ ነው። እነዚያ ነጂዎች እኛ መካኒኮች «አድርጉ» የምንለውን ሁሉ አድርገዋል፤ ሆኖም መኪናቸው ነጭ ጭስ ይተፋ ነበር። በኋላ በሞዴሎቹ ላይ ነጂው ራሱ ሪጄን የሚያስጀምርበት ቁልፍ ተጨመረ።

ምን ዓይነት ዘይት ልጠቀም?

አመዱ የሚመጣው ከዘይቱ ነው ብያለሁ። ስለዚህ አመዱ ትንሽ የሆነ ዘይት ነው የሚያስፈልገው። ለቤት መኪና በጣሳው ላይ «ኤሲኢኤ» (የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ «ሲ» የሚል ፊደል ከቁጥር ጋር ይፈልጉ፤ የትኛው ቁጥር እንደሆነ የመኪናው መጽሐፍ ይናገራል። በርካሽ የተገኘ የድሮ ናፍጣ ሞተር ዘይት ማስገባት ዛሬ አይታወቅም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይታወቃል።

ከዘይቱ ሌላ በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝም ይጎዳል። የአውሮፓ ናፍጣ ከ 2009 ጀምሮ በሚሊዮን ከ 10 እጅ የበለጠ ድኝ እንዳይኖረው ተደርጓል፤ አሜሪካ ውስጥ ለተሽከርካሪ የሚሸጠው ገደቡ 15 ነው። ፊልትሮ ያለበትን መኪና ይህን ያህል ንጹሕ ናፍጣ ወደማይገኝበት አገር መውሰድ ካታላይዘሩንም ፊልትሮውንም ማሠቃየት ነው።

ጋኑ ውስጥ የሚጨመሩ «የዲፒኤፍ ማጽጃ» ፈሳሾች ይሠራሉ?

አንዳንዶቹ ጥቀርሻው የሚነድበትን ሙቀት በመጠኑ ያወርዳሉ። አመድ አያወጡም፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም አይጠግኑም። ፈሳሹን ጨምሮ እንደ ድሮው ሁለት ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ገንዘቡን አቃጠለ እንጂ ጥቀርሻውን አላቃጠለም።

አሜሪካ ውስጥ ትራክ ነው የምነዳው። የእኔ ከዚህ ይለያል?

መሠረቱ አንድ ነው። ከ 2007 ጀምሮ የወጡት የአሜሪካ ከባድ መኪና ሞተሮች በአዲሱ የጥቀርሻ ገደብ ምክንያት ፊልትሮ ይዘው መጡ። ጭነት ይዞ ኢንተርስቴት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ትራክ በአብዛኛው በራሱ ይጸዳል። የሚጎዳው ሌሊቱን ለማሞቂያ ወይም ለኤሲ ሲባል በሚኒሞ ሲሠራ የሚያድር፣ ወደብና መጋዘን በራፍ ላይ ሰዓታት የሚቆም ነው። ለሌሊቱ ትንሿን ጀነሬተር ወይም የናፍጣ ማሞቂያ መጠቀም ፊልትሮውን ያተርፋል።

ትራክ ላይ ከቤት መኪና የሚለየው ቆሞ የሚደረገው ሪጄን፣ «ፓርክድ ሪጄን» ነው። መብራቱ ሲጠይቅዎ አስተማማኝ ቦታ ይቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ቁልፉን ይጫኑ፣ ከዚያ እስኪጨርስ አይንኩት። ከ 20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። የጭስ ማውጫው አካባቢ ሰው፣ ሣር፣ ሸራ ወይም የነዳጅ ማደያ አይኑር። ሪጄንን የሚከለክለውን ቁልፍ ለአደገኛ ቦታ ብቻ ይጠቀሙበት። አንዳንድ ነጂ ሳያውቀው ተጭኖት ለሳምንታት ይዞራል፤ «ፊልትሮው ተበላሸ» ብሎ ከመምጣቱ በፊት እሱን ማየት ነበረበት።

ዲፒኤፍና ዴፍ የተለያዩ ናቸው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታል። ዴፍ፣ አውሮፓ ውስጥ አድብሉ የምንለው፣ 32.5 በመቶ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ሥራው የናይትሮጅን ጋዞችን መቀነስ ነው። ጥቀርሻውን አይነካውም፤ ዴፍ መጨመር የፊልትሮን መብራት አያጠፋም። በምንም ምክንያት ናፍጣ ጋን ውስጥ እንዳይጨምሩት።

«ቆርጠን እናውጣልህና ትገላገላለህ» አሉኝ። ላስወጣው?

አያስወጡት። የጀርመንም የአሜሪካም ሕግ ይከለክላል። ብሪታንያ ከ 2014 ጀምሮ በዓመታዊው ምርመራ ላይ ፊልትሮው የሌለበትን መኪና ትጥላለች። ቤልጂየም ከ 2022፣ ኔዘርላንድስና ጀርመን ከ 2023 ጀምሮ በምርመራው ላይ በማውጫው ጫፍ የሚወጣውን ቅንጣት የሚቆጥር መሣሪያ ይጠቀማሉ። የጀርመኑ ገደብ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 250,000 ቅንጣት ነው። ውስጡ ተፈልፍሎ ሽፋኑ ብቻ የቀረ ፊልትሮ ዓይን ያታልል ይሆናል፤ መሣሪያውን አያልፍም።

ከሕጉ በላይ ግን ሌላ ነገር አለ። በ 2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል። እነዚያ ቅንጣቶች ከፀጉር ክር እጅግ ይቀጥናሉ፤ ሳንባ ድረስ ይዘልቃሉ። ጠዋት ልጄን ይዤ ትምህርት ቤት በር ላይ ስቆም፣ ፊልትሮው የወጣለት መኪና ከፊታችን ሲያጨስ ልጄ የምትተነፍሰው እሱን ነው። እኔ ያንን ሥራ ለማንም አልሠራም።

ያገለገለ የናፍጣ መኪና ልገዛ ነው። ፊልትሮውን እንዴት ልይ?

መጀመሪያ ሻጩ መኪናውን የት ይነዳው እንደነበር ይጠይቁ። በአምስት ዓመት 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ የናፍጣ መኪና ብዙ ሰው «ብዙም አልተነዳም» ብሎ ይመርጠዋል፤ እኔ 160 ሺህ የሄደውን የአውቶባን መኪና እመርጣለሁ። የዘይት መለኪያውን ይሳቡ፤ ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነ ወይም ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ይተዉት።

ከዚያ መካኒክ ኮምፒውተሩን ሰክቶ ሦስት ነገር ያንብብልዎ፦ አሁን ያለውን የጥቀርሻ መጠን፣ ኮምፒውተሩ ያሰላውን የአመድ መጠን፣ ከመጨረሻው ሪጄን ወዲህ የተነዳውን ርቀት። ብዙ መኪኖች እነዚህን ይሰጣሉ። ርቀቱ አጭር ሆኖ ጥቀርሻው ብዙ ከሆነ አንድ ነገር እየተበላሸ ነው። መኪናው 200 ሺህ ሄዶ አመዱ ዜሮ ካለ ደግሞ ወይ ፊልትሮው ተቀይሯል ወይ ቁጥሩ ተሰርዟል፤ የተቀየረ ከሆነ ደረሰኙን ይጠይቁ።

በመጨረሻም ማውጫው ቀዝቅዞ ሳለ ነጭ ሶፍት ጠቅልለው የማውጫውን ጫፍ ከውስጥ ይጥረጉት። ሶፍቱ በጥቁር ጥቀርሻ ከተለወሰ ፊልትሮው ተሰንጥቋል ወይም የለም። ሻጩ «ናፍጣ መኪና እኮ እንዲህ ነው» ካለዎት አመስግነው ወደ ሌላው መኪና ይሂዱ።